በመስታወቱና በሥዕሉ መካከል

ዲኤስኤልአር የሚባለው ካሜራ አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። ፎቶግራፍ አንሺው ዓይኑን መመልከቻው ላይ አድርጎ፣ የሚያነሳውን ሰው ፊት አተኩሮ እያየ፣ ጊዜው ደረሰ ብሎ ጣቱን ሲጫን ፊቱ ይጠፋበታል። ሥዕሉ በሚቀረጽባት ቅጽበት መመልከቻው ይጨልማል። ወዲያው ብርሃኑ ይመለሳል፤ ሰውየውም እዚያው ቆሞ ይታያል። ካሜራው የያዘው ግን በጨለማው ውስጥ ያለፈውን ነው። አንሺው ከዚያ በፊት የነበረውንና ከዚያ በኋላ የመጣውን አይቷል፤ ሥዕል የሆነችውን ቅጽበት አላያትም።

በምህንድስና ዓይን ይህ ጉድለት ነው። ለእኔ ግን ስለ ፎቶግራፍ ምንነት የዚህን ጨለማ ያህል የሚያስተምር ነገር የለም። ብዙ ሰው ካሜራ ያያል፣ ያየውንም እንዳለ ያስቀምጣል ብሎ ያምናል። ፎቶ በፍርድ ቤት ማስረጃ፣ በመታወቂያ ላይ ምስክር፣ ከሞት በኋላ መታሰቢያ የሚሆነው በዚህ እምነት ነው። የካሜራውን ብልቶች አንድ በአንድ ስንመረምር ግን ከዓለሙ እስከ ሥዕሉ ያለው መንገድ በፍርድ የተሞላ ሆኖ እናገኘዋለን። አንዳንዱን መሐንዲሶች አስቀድመው ፈርደውታል፤ ሌላው ለእኛ ተትቷል። የፎቶግራፍ ጥበብም የሚጀምረው የእነሱ ፍርድ የት ላይ እንደሚያበቃ፣ የእኛስ ከየት እንደሚጀምር ከማወቅ ነው።

ከመስታወቱ እንነሳ። በሌንሱ የገባው ብርሃን በመንገዱ ላይ በ45 ዲግሪ የተጋደመ መስታወት ያገኛል። መስታወቱ ብርሃኑን ወደ ላይ ይመልሰዋል። ብርሃኑ ደብዛዛ ብርጭቆ ላይ ያርፍና፣ ባለ አምስት ጎን ፕሪዝም ውስጥ ተንጸባርቆ ወደ አንሺው ዓይን ይደርሳል። ሌንስ የሚሠራው ምስል በተፈጥሮው የተገለበጠ ነው፤ ላዩ ታች፣ ግራው ቀኝ ይሆናል። መስታወቱ ላይና ታቹን ያቃናል፤ ፕሪዝሙ ግራና ቀኙን ወደ ቦታው ይመልሳል። ጣት ሲጫን ግን መስታወቱ ተነስቶ ብርሃኑን ወደ ኋላ ያሳልፈዋል፤ መመልከቻው የሚጨልመው ለዚህ ነው።

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሱ በነበረበት ዘመን ትልልቆቹ ካሜራዎች ይህ መስታወትና ፕሪዝም አልነበራቸውም። የዚያ ዘመን አንሺ ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ፣ የተገለበጠውን ምስል በብርጭቆ ላይ አይቶ ያስተካክል ነበር። ከዚያ ብርሃን የሚቀበለውን ሰሌዳ ከብርጭቆው ፊት ያስገባል፤ ሰሌዳው ከገባ በኋላ በካሜራው በኩል የሚታይ ነገር የለም። ቀና ብሎ የሚነሳውን ሰው በባዶ ዓይኑ እያየ፣ ሥዕሉን በልቡ ይዞ ሌንሱን ይከፍታል።

እ.ኤ.አ. በ1936 በጀርመን ድሬስደን የተሠራው ኪኔ ኤግዛክታ መስታወቱን ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አበቃው። በዚያው የዘመን አቆጣጠር በ1949 ኮንታክስ ኤስ ፕሪዝሙን ይዞ መጣ። ከዚያ በፊትና በዚያን ጊዜ በነበሩት በአብዛኞቹ ካሜራዎች ግን መስታወቱ አንዴ ከተነሳ ለሚቀጥለው ፎቶ እስኪዘጋጅ ድረስ መመልከቻው ጨልሞ ይቆይ ነበር። የጃፓኑ አሳሂፍሌክስ በ1954 መስታወቱ ተነስቶ ወዲያው እንዲመለስ አደረገ። ኒኮን ኤፍ በ1959 እነዚህን ሁሉ በአንድ ጠንካራ አካል አዋሐዳቸው። ዲጂታሉ ዘመን ሲመጣ የተለወጠው ፊልሙ ነው፤ በቦታው ብርሃን የሚለካ ሴንሰር ገባ። ኮዳክ በ1991 በኒኮን ኤፍ3 አካል ላይ 1.3 ሜጋፒክስል ሴንሰር አሳርፎ ለገበያ አቀረበ፤ ኒኮን ራሱ በ1999 ባለ 2.7 ሜጋፒክስሉን ዲ1 አወጣ። መስታወቱ ቦታውን አልለቀቀም። እነዚያ ሁሉ መሐንዲሶች ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበሉ የደከሙት ጨለማውን ለማሳጠር ነበር፤ አሳጠሩት፣ ግን አላጠፉትም። በመመልከቻው የሚታየው ዓለሙ ነው፤ ሥዕሉ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ ይወለዳል።

ያ ሌላ ጊዜ ራሱ እንደምናስበው አንድ ነጥብ አይደለም። መስታወቱ ሲነሳ ከኋላው ያለው ሻተር ይከፈታል። ሻተሩ ሁለት መጋረጃዎች አሉት፤ የመጀመሪያው ሲሄድ ሴንሰሩን ይገልጠዋል፣ ሁለተኛው ተከትሎ ይሸፍነዋል። በአብዛኞቹ ዲኤስኤልአር ካሜራዎች ሴንሰሩ በሙሉ ባንድ ጊዜ ተገልጦ የሚገኘው እስከ 1/200ኛ ወይም 1/250ኛ ሰከንድ ድረስ ነው። ከዚያ በፈጠነ ቁጥር ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን እግር በእግር ይከተለዋል፤ በመካከላቸው የሚቀረው ቀጭን ስንጥቅ ብቻ ይሆናል። ስንጥቁ በሴንሰሩ ፊት እየተንሸራተተ ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር ይጠርገዋል። በ1/8000ኛ ሰከንድ ያነሳነው ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ብርሃን ያየው ለዚያች ቅጽበት ነው፤ ስንጥቁ ዳር እስኪደርስ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ የሆነ ጊዜ አልፏል። የፎቶው አንድ ጫፍና ሌላው ጫፍ አንድ ጊዜ አይደሉም።

ፈረንሳዊው ዣክ ኦንሪ ላርቲግ በ1910ዎቹ መጀመሪያ ያነሳው የእሽቅድምድም መኪና ፎቶ ይህን በግልጽ ያሳያል። የመኪናው ጎማ ሞላላ ሆኖ ወደፊት ተጋድሟል፤ በመንገዱ ዳር የቆሙት ተመልካቾች በተቃራኒው አዘንብለዋል። አንሺው ካሜራውን ከመኪናው ጋር ሲያዞር መጋረጃው ቀስ እያለ ያልፍ ነበርና፣ ጎማው የታችኛው ክፍሉ ከተነሳበት እስከ ላይኛው ድረስ ቦታ ቀይሯል። እንዲህ ያለ ጎማ በዓለም ላይ ተሽከርክሮ አያውቅም። ሆኖም ፍጥነትን የዚያን ያህል የሚያሳምን ምስል ጥቂት ነው። ካሜራው ስቷል ብለን እንዳንንቀው እውነት ተናግሯል፤ እውነት ነው ብለን እንዳንቀበለው ያልነበረ ነገር አሳይቷል። ፎቶ የጊዜ ቁራጭ ነው ስንል ቁራጩ ራሱ ውስጡ ርዝመት እንዳለው መርሳት የለብንም።

ፎቶግራፍ አንሺው በእጁ የሚያዛቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፦ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ማለትም አፐርቸር፣ የሻተሩ ጊዜ፣ የሴንሰሩ ምልክት የሚጎላበት መጠን ማለትም አይኤስኦ። ሦስቱም ስለ ብርሃን ናቸው፤ ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። በጠዋት ከላሊበላ ውቅር ቤተ ክርስቲያናት በአንዱ ውስጥ መስቀል ይዘው የቆሙ ቄስ አሉ እንበል፤ በትንሽዬ መስኮት የምትገባ ብርሃን ብቻ አለች። ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 1.8 ብንከፍተው ብርሃኑ ይበቃል፤ ግን ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ስስ ስለሚሆን መስቀሉ ሲጠራ የቄሱ ፊት ይደበዝዛል። ቀዳዳውን አጥብበን ሻተሩን እስከ 1/8ኛ ሰከንድ ብናዘገየው ፊቱም መስቀሉም በጥራት ይገባሉ፤ ግን የሚባርከው እጅ ጭስ ይሆናል። ቀዳዳውንም አጥብበን፣ ሻተሩንም አፍጥነን አይኤስኦውን ወደ 6400 ብናወጣው ሁሉም ባለበት ይያዛል፤ ግን ጥላው በቅንጣት ይሞላል፣ የድንጋዩ ልስላሴም ይጠፋል። አጭር ጋቢ ነው፤ ራስን ሲሸፍኑት እግር ይገለጣል።

እዚህ ላይ ትክክለኛ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ የለም። ጥያቄው ወደ አንሺው ይመለሳል፦ ከእጁ እንቅስቃሴ፣ ከፊቱ እርጋታና ከዋሻው ጥላ የትኛው ነው የዚያን ጠዋት እውነት? የካሜራው መደወያ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች የቴክኒክ ብቻ የሚመስሉት ጥያቄውን ላልጠየቀ ሰው ነው። ኤፍ 4ን ወደ ኤፍ 5.6 ያዞረ ሰው ብርሃኑን በግማሽ ቀንሷል፤ በዚያው እንቅስቃሴ ከበስተጀርባ የቆሙትን ሰዎች ከጉም አውጥቶ ወደ ታሪኩ አስገብቷቸዋል።

ለእኛ ካልተተዉት ፍርዶች አንዱ ቀለም ነው። ሴንሰሩ ቀለም አያውቅም። እያንዳንዱ ነጥብ የሚያውቀው ምን ያህል ብርሃን እንደደረሰው ነው። ስለዚህ የኮዳኩ ብራይስ ቤየር በፈጠረውና እ.ኤ.አ. በ1976 ፓተንት ባገኘው ዘዴ ከነጥቦቹ በላይ ደቃቅ የቀለም ማጣሪያዎች ይደረደራሉ፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ሰማያዊ። አረንጓዴው የበዛው የሰው ዓይን የብርሃንን ልዩነት ይበልጥ የሚለየው በዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። አንድ ነጥብ ከሦስቱ ቀለማት የሚለካው አንዱን ብቻ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን የካሜራው ፕሮሰሰር ከጎረቤት ነጥቦች አይቶ ያሰላቸዋል። ከአንድ ዲጂታል ፎቶ የቀለም መረጃ ሁለት ሦስተኛው በስሌት የተሞላ ነው ማለት ነው። ስሌቱ በብልሃት የተሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ይሆናል። ቢሆንም ግምት ነው። የእናታችን ቀሚስ ጥለት ላይ የምናየው ቀይ በከፊል የታየ፣ በከፊል የታመነ ቀይ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነው ፍርድ ግን በብርሃን መለኪያው ውስጥ የተቀመጠው ነው። መለኪያው የሚያየው ከነገሮች ላይ ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ነው። ከፊቱ ያለው በደማቅ ፀሐይ የቆመ ጥቁር ነገር ይሁን በጥላ ያለ ነጭ ነገር ሊለይ አይችልም። ስለዚህ መሐንዲሶቹ አንድ ግምት ሰጡት፦ ዓለም በአማካይ ግራጫ ነው፤ በተለምዶ የሚጠቀሰውም ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ ግራጫ ነው። መለኪያው ያየውን ሁሉ ወደዚያ ግራጫ ለማምጣት ይጥራል። ነጭ የሞላበትን ያጨልማል፤ ጥቁር የሞላበትን ያፈካል። በኋላ የመጡት መለኪያዎች ብልህ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኒኮን ኤፍ5 ቀለም የሚለይ ባለ 1,005 ነጥብ መለኪያ ነበረው፤ የሚያየውንም ከ30,000 በላይ ከሆኑ ፎቶዎች ከተሰበሰበ መረጃ ጋር እያመሳከረ ይወስን ነበር። ነገር ግን ማመሳከሪያ ሁሉ ከአንድ ቦታ የተሰበሰበ ልምድ ነው።

አሁን ይህን መለኪያ ይዘን በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ እንቁም። ከዳር እስከ ዳር ነጠላና ጋቢ ነው። መለኪያው ይህን ሁሉ ነጭ ያይና ብርሃን በዛ ብሎ ይፈርዳል፤ ይቀንሳል። ነጠላው አመድ ይለብሳል። በነጠላው መካከል ያሉት ፊቶች ደግሞ፣ ከመጀመሪያውም ከነጩ ያነሰ ብርሃን የሚመልሱ ናቸውና፣ ወደ ጥላ ይሰጥማሉ። ዓይናቸው አይታይም፤ ፈገግታቸው አይለይም። በአልበሞቻችን ውስጥ ስንትና ስንት ሰው እንዲህ ጠቁሮ ቀርቷል! ፎቶውን ያየ ሰው ፀሐዩ ነው፣ ሰውየው ጠቆር ያለ ነው ይላል። የፈረደው ግን ዓለም ግራጫ ነው የሚለው ግምት ነው።

መፍትሔው በካሜራው ላይ አለ፤ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ትንሽ ቁልፍ ናት። በአንድ ደረጃ ብንጨምር የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል፤ ፊቶቹም ይወጣሉ። አብዝተን ከጨመርን ደግሞ የነጠላው ድርና ማግ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል፤ የፈታይዋና የሸማኔው ድካም ሁሉ አብሮ ይጠፋል። በነጥብ መለኪያ ፊቱ ላይ ብቻ እንለካ ብንልም ችግሩ በሌላ በኩል ይመጣል፤ መለኪያው ጠይሙን ፊት ወደ ግራጫው ለማምጣት ሲል ከመልኩ ያቀላዋል። ማጥቆርም ማቅላትም ሁለቱም ሰውየውን ሌላ ሰው ማድረግ ነው። ስለዚህ ቁልፏን ምን ያህል ማዞር እንደሚገባ የሚያውቀው ያንን ፊት የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ካሜራው እውቀቱን አይሰጠንም፤ እውቀታችንን የምናስገባበት ቀዳዳ ይከፍትልናል።

ይህ ጉዳይ ከዲጂታሉ በፊትም ነበረ። ለአሥርት ዓመታት በአሜሪካ የቀለም ፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የሕትመታቸውን ቀለም የሚያስተካክሉት ሸርሊ ካርድ በሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእርሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ደህና ነው ተባለ። በዚያ ሚዛን የጠይም ሰው ፊት ዝርዝሩን አጥቶ ቢወጣ ስህተቱ የሚዛኑ መሆኑን ያሰበ ጥቂት ነበር። ካርዶቹ ከጊዜ በኋላ ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸውን ሰዎች እንዲያካትቱ ተደረገ። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ መሣሪያ ውስጥ የገባ ግምት ራሱን አያስተዋውቅም፤ የሚጎዳው ሰው ካልጠየቀ ተፈጥሮ መስሎ ይኖራል።

ተጨማሪ ዕቃዎቹም የየራሳቸው ፍርድ አላቸው። ሌንስ ስንገዛ ርቀት እየገዛን ነው። ብዙዎች ፊትን የሚያገዝፈው ወይም የሚያሳሳው ሌንሱ ይመስላቸዋል፤ የፊትን ቅርጽ የሚወስነው አንሺው የቆመበት ርቀት ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፊትን ለመሙላት ተጠግቶ መቆም ግድ ነው፤ አፍንጫ ከጆሮ ይልቅ በጣም ስለሚቀርብ ይገዝፋል። በ200 ሚሊ ሜትር ሩቅ መቆም ይቻላል፤ ፊቱም ይረጋጋል። ርቀት ደግሞ የሥነ ምግባር ጉዳይም ነው። በረጅም ሌንስ በገበያ መካከል የአንዲትን እናት ፊት ከመንገድ ማዶ መውሰድ ይቻላል፤ እርሳቸው ሳያውቁ። በአጭር ሌንስ ይህ አይሆንም። መቅረብ፣ ሰላምታ መስጠት፣ እንደምን ዋሉ ማለት፣ ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው። ሁለቱም ፎቶዎች ሊያምሩ ይችላሉ። በአንደኛው ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች አሉ፤ በሌላው ውስጥ አንድ ሰውና አንድ አድፋጭ።

ፍላሽ የራስን ብርሃን ይዞ መግባት ነው። ብርሃኑ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በሠርግ አዳራሽ ፎቶዎች ከፊት የተቀመጡት ነጥተው ከኋላ ያሉት ጨለማ የሚውጣቸው ለዚህ ነው። ራሱን ወደ ነጭ ጣሪያ አዙሮ ብርሃኑን በማንጠር ያው ፍላሽ ለሁሉም ይደርሳል። ትራይፖድ ለካሜራው እግር ሲሰጠው ለአንሺው ጊዜ ይሰጠዋል፤ ካሜራውን ያቆመ ሰው ከማንሳቱ በፊት የፍሬሙን አራት ማዕዘናት ለማየት ይገደዳል። ብርሃን የሚቀንሰው ጥቁር ፊልተር በቀን ብርሃን ሻተሩን ለሰከንዶች ከፍቶ ለመተው ያስችላል፤ ጢስ ዓባይ በዚያ ሲነሳ የሐር መጋረጃ ይመስላል። ውበቱ አይካድም። ነገር ግን ያንን ውኃ እንደዚያ ያየ የሰው ዓይን የለም፤ ድምፁንና ጉልበቱን ለስላሳነቱ ሸፍኖታል። ፖላራይዘር ከመስኮትና ከውኃ ላይ ነጸብራቅን ያነሳል፤ ከነጸብራቁ በታች ያለውን እንድናይ ነጸብራቁን እንድንተው ይጠይቃል። ከዕቃዎቹ አንዱም ሳይቀንስ የሚጨምር የለም።

አሁን መስታወቱ እየሄደ ነው። ካኖንና ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ሙሉ ፍሬም መስታወት አልባ ካሜራዎችን አወጡ። በ2020 የወጡት ካኖን 1ዲ ኤክስ ማርክ 3 እና ኒኮን ዲ6 የየቤታቸው ዋና ዲኤስኤልአር ሆነው ቆይተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ድካም ወደ አዲሶቹ ዞሯል። በአዲሶቹ መመልከቻው ትንሽ ስክሪን ነው። ጣት ከመጫኑ በፊት ሥዕሉ ምን እንደሚመስል፣ ምን ያህል እንደሚፈካ ያሳያል። ዓይንን ተከትሎ ያተኩራል፤ ያለ ድምፅ ያነሳል። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው፤ ሥራ ላይ ላለ ሰው ብዙ ስህተት ያስቀራል። ለመስታወቱ ብዬ ይህን አልጠላም።

ሊጠፋ የሚችለውን ነገር ግን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በመስታወቱ ያየ ሰው ነጠላውን ነጭ ሆኖ በገዛ ዓይኑ አይቶታል። ፎቶውን ከጀርባው ስክሪን ላይ ሲያይ አመድ ሆኖ ያገኘዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይመታዋል፤ ለምን ብሎ ይጠይቃል፤ ስለ ግራጫው ግምት የሚማረውም በዚያን ጊዜ ነው። በስክሪን የሚያይ ሰው ግን የካሜራውን ፍርድ ከመጀመሪያው እንደ ዓለም ሆኖ ያገኘዋል። ነጠላው አመድ ሆኖ ቢቀርብለት የዕለቱ ብርሃን እንደዚያ ነው ብሎ ሊቀበል ይችላል። በኪሳችን ያሉት ስልኮች ደግሞ ከዚህ አልፈው ብዙ ፍሬሞችን አዋሕደው፣ ጥላውን አንስተው፣ ቆዳውን አለስልሰው ያቀርቡልናል። ፍርዱ በበዛ መጠን ፍርድ መሆኑ እየተሰወረ ይሄዳል። የመስታወቱ ጨለማ ዓለሙና ሥዕሉ ሁለት መሆናቸውን በእያንዳንዱ ፎቶ ያስታውሰን ነበር፤ ከእንግዲህ ያንን ማስታወስ የእኛ ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ ካሜራ ያላችሁ ሁሉ፣ ዲኤስኤልአርም ይሁን ስልክ፣ አንድ ነገር አድርጉ። ነጠላ የለበሱ እናታችሁን ወይም አያታችሁን በጥላ ሥር አስቀምጡና አንሷቸው፤ አንድ ጊዜ ካሜራው እንደፈረደው፣ ከዚያ በአንድ ደረጃ ጨምራችሁ፣ ከዚያ በሁለት። ሦስቱን ፎቶዎች ከፊታቸው ጋር አስተያዩና እርሳቸውን የሚመስለው የትኛው እንደሆነ ራሳችሁ ወስኑ። መለኪያው ፊታቸውን አያውቀውም፤ እናንተ ታውቁታላችሁ። የምታውቁትን ፊት ለማያውቀው ግምት አሳልፋችሁ ብትሰጡ ተጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።